ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ፦ ያቺ ምልክት ስንት ታወጣ ነበር?

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ቀን የቀረው። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ሲያባራና ሲመለስ ውሏል። አራት ኪሎ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ፣ አሥራ አምስት ከማንሞላ ሰዎች ጋር ተጠጋግተን ቴሌቪዥን እናያለን። የሪዮ ኦሊምፒክ የመጨረሻው ቀን ነው፤ የወንዶች ማራቶን። እዚያ ገና ከረፋድ አላለፈም፤ እዚህ 11 ሰዓት ተኩል አልፏል።

ኬንያዊው ኢሊዩድ ኪፕቾጌ ካመለጠ ቆይቷል። እሱን የሚያየው ሰው አልነበረም። ዓይናችን ሁለተኛው ላይ ነው፤ የእኛ ልጅ ነዋ። «አይዞህ! በርታ! ደረስክ እኮ!» የሚሰማን ይመስል በየአፋችን እንጮሃለን። ፈይሳ ሌሊሳ መስመሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አነሣና አንጓዎቹን አመሳቀላቸው። ልክ በማይታይ ገመድ እንደታሰሩ። እንዲያ እንዳለ መስመሩን አለፈ።

ጩኸቱ በአንዴ ጠፋ። ሁላችንም ምን እንዳየን እናውቃለን፤ ያወቅን መምሰል ግን አልፈለግንም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስኒውን አንሥቶ ባዶ መሆኑን እያየ ወደ አፉ ወሰደው። ባለቤቱ ሪሞቱን አነሣና ድምፁን ቀነሰ። አላጠፋውም፣ ቀነሰው። ከዚያ በሩን ገልመጥ አደረገ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ለራሳቸው ያህል፣ «አይ ልጄ... እንዴት ሊገባ ነው አሁን?» አሉ።

ስለ ጀግንነት በተወራ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የሽማግሌው ጥያቄ ነው። የሮጠበትን ሰዓት ወይም ያገኘውን ሜዳሊያ አልጠየቁም። እንዴት አገሩ ሊገባ ነው አሉ። ያቺ ምልክት ስንት እንደምታወጣ ከሁላችንም ቀድመው ያሰሉት እሳቸው ነበሩ። ይህን ጉዳይ የምመረምረውም በእሳቸው ስሌት ነው፤ ማን ተናገረ፣ ምን ሊያጣ ይችል ነበር፣ ሒሳቡንስ ማን ከፈለ?

ሰውየው

ፈይሳ የተወለደው በ1982 ዓ.ም. በምዕራብ ሸዋ ጀልዱ ወረዳ ነው። ጀልዱ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር። ለጊንጪ ጎረቤት ነው፤ የጊንጪን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሪዮ ሲደርስ ጀማሪ አልነበረም። በ2009 እ.ኤ.አ. ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ የደብሊን ማራቶንን አሸንፏል። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘ። በ2012 ቺካጎ ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ፤ ይህ ሰዓት በየትም አገር ቢሆን ትልቅ ሰዓት ነው። በ2016 መጀመሪያ ደግሞ ቶኪዮን አሸነፈ። ዕድሜው 26 ነው፤ ለማራቶን ሯጭ ዋናው የእንጀራ ዘመን ገና መግባቱ ነው። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው።

የሕይወት ታሪኩን የዘረዘርኩት ለማሟላት ያህል አይደለም። ይህ ሰው «እኔ ምን ጎደለኝ?» ብሎ ዝም የማለት ሙሉ መብት ነበረው። የተራበ ሰው ቢጮህ ረኃቡ ነው ይባላል። የጠገበ ሰው ሲጮህ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይላል።

ያ ዓመት

ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። መነሻው የአካባቢው ደንና ኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው የሚል ቅሬታ ነበር፤ ወዲያው ግን አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ከሚያያይዘው ማስተር ፕላን ጋር ተጋጠመ። ገበሬው የሰማው ነገር አንድ ነው፦ መሬትህ ሊሄድ ነው። ተቃውሞው በሳምንታት ውስጥ ኦሮሚያን አዳረሰ። መንግሥት ጥር ላይ ማስተር ፕላኑን መሰረዙን አስታወቀ፤ ሰዉ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከመሬት አልፎ ነበርና።

የተመሳቀሉት እጆች የወጡት ከዚህ ተቃውሞ ነው። ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ግቢ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አመሳቅለው ይቆሙ ነበር። ለአንዳንዱ «ታስረናል» ማለት ነው፤ ለሌላው «እጄ ላይ ምንም የለም፣ አትተኩስ» ማለት ነው። ሁለቱም ትርጉም ባንድ ላይ ይሄዳል። ሒውማን ራይትስ ዎች ሰኔ ላይ ባወጣው ሪፖርት በተቃውሞው ከ400 በላይ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ገለጸ።

ሐምሌ 24 ጎንደር ላይ ግዙፍ ሰልፍ ተደረገ፤ በዚያ ሰልፍ ለኦሮሞ ተቃዋሚዎች አጋርነት የሚገልጹ መፈክሮች ታይተዋል። ይህን የማነሣው በኋላ የመጣው ዘመን ብዙ ነገር ስላስረሳን ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 30 እና ነሐሴ 1፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በተደረጉ ሰልፎች ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናገረ፤ ባሕር ዳር ላይ ብቻ 30 ያህል። ኢንተርኔት ተዘጋ። ማራቶኑ የተሮጠው ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሻይ ቤቷ ውስጥ ያየሁት ዝምታ የተወለደው ከዚህ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ሁላችንም ተምረነው አድገናል። እውነትም አይነቅዝም፤ ጎተራው ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይነቅዛል።

ከመስመሩ በፊትና በኋላ

ውድድሩን በአጭሩ ልለፈው። መንገዱ በዝናብ ርሷል። መሪዎቹ እየተራገፉ መጥተው በመጨረሻ ኪፕቾጌ፣ ፈይሳና አሜሪካዊው ጌለን ራፕ ቀሩ። ዙሩ ሲከር ራፕ ተንጠባጠበ፤ የመጨረሻዎቹ ሰባት ኪሎ ሜትሮች ገደማ ላይ ደግሞ ኪፕቾጌ ሄደ። ኪፕቾጌ 2:08:44፣ ፈይሳ 2:09:54፣ ራፕ 2:10:05።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች እዩልኝ። ልዩነቱ 11 ሰከንድ ነው። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ እግሩ የከዳው ሰው፣ ከኋላው 11 ሰከንድ ብቻ የቀረው ተከታይ እያለ፣ ጉልበቱን አሰባስቦ ምልክት ሠራ። ድንገት የፈነቀለው ስሜትም አልነበረም። ለሪዮ መመረጡን ካወቀ ጀምሮ ሲያስበው እንደቆየ፣ ለባለቤቱ እንኳ እንዳልነገራት በኋላ ራሱ ተናግሯል። ከ42 ኪሎ ሜትሩ እያንዳንዱን ይህን ምስጢር ተሸክሞ ሮጦታል ማለት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሰው በንዴት ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ለወራት በልቡ ይዞ፣ ልምምዱን ሳያጓድል፣ ከቡድኑ ጋር እየበላ እየተኛ፣ ሲደርስ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ኢትዮጵያ በወንዶች ኦሊምፒክ ማራቶን ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ወርቁንም ነሐሱንም ታውቃለች። ብር ስታገኝ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጋዜጣው ሁሉ በዚህ ይከፈት ነበር። ማንም አላነሣውም፤ እኔም ያስተዋልኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ምልክቱን ደገመው፤ ከዚያ በቃሉ ተናገረ። ይህ ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው ይከብዳል ባይ ነኝ። ምልክት «ደስታዬን ስገልጽ ነው» ተብሎ ሊካድ ይችላል፤ ቃል ግን አይካድም። የኢትዮጵያ መንግሥት ሕዝቤን እየገደለ ነው አለ። ዘመዶቼ እስር ቤት ናቸው፣ ስለ መብት ከተናገሩ ይገደላሉ አለ። እኔም ብመለስ ሊገድሉኝ ይችላሉ፣ ካልገደሉኝም ያስሩኛል አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው።

የኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 በውድድር ቦታዎች የፖለቲካ ተቃውሞ ማሳየትን ይከለክላል። ስለዚህ ሜዳሊያውም ጥያቄ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ሜዳሊያውን አልነጠቀውም፤ ደንቡን አስታውሶት ነገሩ በዚያው አበቃ። በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ አሜሪካውያኑ የ200 ሜትር አሸናፊ ቶሚ ስሚዝና ሦስተኛው ጆን ካርሎስ በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን መድልዎ ለመቃወም በሽልማት መድረኩ ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ቡጢያቸውን ሲያነሡ ከቡድኑ ታግደው ከጨዋታው ተባርረዋል። በዚያው መድረክ ላይ ሁለተኛ የወጣው አውስትራሊያዊ ፒተር ኖርማን ነበር። እጁን አላነሣም፤ የሰብዓዊ መብት ዘመቻቸውን ባጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ ብቻ ቆመ። እሱም አገሩ ሲገባ ፊት ተነሥቶታል። በ2006 ሲሞት የሬሳ ሣጥኑን የተሸከሙት ስሚዝና ካርሎስ ናቸው። የአውስትራሊያ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው፤ ሰውየው ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። እንግዲህ በዚያው ኦሊምፒክ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አበበ ቢቂላ አቋርጦ ሲወጣ ማራቶኑን ያሸነፈው የእኛው ማሞ ወልዴ ነበር። የሜክሲኮን ታሪክ እኛ የምናስታውሰው በማሞ ነው፤ ሌላው ዓለም በሁለቱ ቡጢዎች ያስታውሰዋል።

«የጀግና አቀባበል»

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ውድድሩን በቀጥታ አስተላልፎ ነበርና ምልክቱን አገር አይቶታል፤ በኋላ ዜናዎች ላይ ግን ያ ምስል አልተደገመም። ዜናው የተሠራው በኪፕቾጌ ነው። ሲሳይ ነው መቼም! የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለኬንያዊ አሸናፊ እንደዚያ ቀን ደግ ሆኖ አያውቅም።

መንግሥት ግን ብልህ ሆነ። የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ሚኒስትር የነበሩት አቶ ጌታቸው ረዳ አትሌቱ ቢመለስ በአቋሙ ምክንያት ምንም እንደማይደርስበት ተናገሩ፤ የጀግና አቀባበል ይጠብቀዋል ተባለ። የኦሊምፒክ ቡድኑ ከስምንት ሜዳሊያዎቹ ጋር ቦሌ ሲያርፍ ፈይሳ አብሮ አልነበረም።

የዚህ ጉዳይ ጥናት እምብርት እዚህ ጋ ይመስለኛል። «ጀግና» የሚለው ቃል ሰጪውን ምንም አያስከፍለውም። ሰጪው በአንድ እጁ ቃሉን እየዘረጋ በሌላው እጁ ያሻውን ሊይዝ ይችላል። ግብዣው ከልብ ይሁን ወጥመድ፣ ፈይሳ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የሚያውቀው እንደሱ ምልክቱን ያሳዩ፣ ሜዳሊያ የሌላቸው፣ ካሜራ የማያያቸው የጀልዱና የአምቦ ልጆች ምን እንደደረሰባቸው ነው። ለእነሱ የጀግና አቀባበል አልተባለም። ስለዚህ አልተመለሰም።

ያኔ ብዙ ሰው «ጥገኝነት ፈልጎ ነው» ሲል ሰምቻለሁ፤ ዛሬም የሚል አይጠፋም። ይህን ክርክር በንቀት ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ከውድድር ጠፍተው የሚቀሩ አትሌቶች በእርግጥ አሉ፣ አንዳቸውንም አልወቅስም። ግን ሒሳቡ አይገጥምም። በቺካጎ ሁለተኛ የወጣ፣ ቶኪዮን ያሸነፈ የማራቶን ሯጭ ቪዛ ቸግሮት አያውቅም። መቅረት ቢፈልግ በየዓመቱ ቺካጎ ወይ ቶኪዮ ላይ ዝም ብሎ መቅረት ይችል ነበር፤ ቤተሰቡንም በሰላም አስከትሎ። ዝም ብሎ መቅረት ርካሹ መንገድ ነው። እሱ የመረጠው ውዱን ነው።

ዝም ያሉትስ?

በዚያ ቡድን ውስጥ ተመሳሳይ ሐዘን በልባቸው የያዙ ሌሎች አትሌቶች እንደነበሩ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። እነሱስ ፈሪ ናቸው? እኔ እንዲህ ለማለት ምላሴ አይታዘዘኝም፤ ድምፅ ሲቀነስ ዝም ብዬ ከተቀመጡት አንዱ ነኝና።

የአገራችን አትሌት እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ያውቀዋል። ብዙው የክለብ ሯጭ ነው፤ ክለቡ ደግሞ መከላከያ ነው፣ ፖሊስ ነው፣ ማረሚያ ቤት ነው፣ ንግድ ባንክ ነው። ደመወዙ የሚመጣው ከመንግሥት ካዝና ነው፤ አንዳንዱ ማዕረግ አለው። ብሔራዊ ቡድን የሚመርጠው ፌዴሬሽን፣ ፓስፖርት የሚሰጠው ቢሮ፣ የሽልማት መሬት የሚመራው መዘጋጃ ቤት ሁሉም አንድ ሰፈር ናቸው። በዚህ ላይ ከኋላው አሥር አሥራ አምስት ቤተሰብ የሚጠብቀው አለ። «ጎመን በጤና» የሚለው ሰው ሥጋ አይወድም ማለት አይደለም።

ይህ ግን የፈይሳን ሥራ አያሳንሰውም፤ ያጎላዋል እንጂ። ዝም ማለት ቀላል በሆነበት አገር መናገር ሥራ ነው፤ ዝም ማለት ግዴታ በሆነበት አገር ግን መናገር ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ ብቻውን አልቀረም። ከሳምንት በኋላ ካናዳ ውስጥ በኩቤክ ከተማ ማራቶን ኤቢሳ እጅጉ የተባለ ኢትዮጵያዊ ሯጭ አንደኛ ሲገባ እጆቹን አመሳቀለ። መስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ በዚያው ሪዮ በፓራሊምፒክ 1,500 ሜትር የእይታ ችግር ያለባቸው ሯጮች ውድድር ታምሩ ደምሴ ብር አግኝቶ እጆቹን አመሳቀለ። በነገራችን ላይ የታምሩ ሰዓት በዋናው ኦሊምፒክ የ1,500 ሜትር ወርቅ ከተገኘበት ሰዓት ይፈጥናል። የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ዘገምተኛ ውድድር ስለነበር ነው፤ ቢሆንም ወሬው ደስ ይላል።

ሒሳቡን ማን ከፈለው?

ስለ ጀግና ስናወራ የምንሸፋፍነው አንድ ነገር አለ፤ በፈይሳም ጉዳይ ብዙ ሰው ሸፋፍኖታል። ሚስቱ አልተጠየቀችም። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሁለት ልጆች ጋር፣ የመንግሥት ተቃዋሚ ሚስት ሆና ተገኘች። እሱ ለምን እንዳልነገራት መገመት ይቻላል፤ ብነግራት ትፈራለች፣ ምናልባትም ታስቀረኛለች ብሎ ይሆናል። ካላወቀች ደግሞ ብትጠየቅ «አላውቅም» ማለቷ እውነት ይሆንላታል። ግን በየትኛውም መንገድ ብንፈታው፣ ከሒሳቡ ገሚሱን የከፈለችው ያልፈረመች ሰው ናት። እዚህ ላይ ለፈይሳ ጥብቅና መቆም አልፈልግም። ጀግንነቱ ሙሉ ሆኖ የሚታየኝ ይህን ዕዳ ጭምር ስንቆጥር ነው። ያለ ዕዳ የሚነገር የጀግና ታሪክ የሕፃናት መዝሙር ነው።

ሪዮ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። በኢንተርኔት የተከፈተለት የእርዳታ ማሰባሰቢያ በጥቂት ቀናት ከ100 ሺህ ዶላር አለፈ፤ አብዛኛውን ያዋጣው በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነው። መስከረም ሳይጠባ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ልዩ ችሎታ ላላቸው ሰዎች በሚሰጥ ቪዛ። ኑሮውን አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ ላይ አደረገ። ከፍታዋ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሯጮች የሚወዷት ከተማ ናት፤ አየሩ ትንሽ አገር ቤት ይመስላል። ትንሽ ብቻ።

ከዚያ ዜናው ከአገር ቤት ይመጣ ጀመር። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል አስለቃሽ ጭስና ተኩስ ተከትሎ በተፈጠረው መረጋገጥ መንግሥት ራሱ ከ50 በላይ ብሎ የቆጠራቸው ሰዎች ሞቱ፤ ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ወደ አሥር ወር ቆየ። የተመሳቀሉ እጆች ከተከለከሉት ምልክቶች አንዱ ሆኑ። ፈይሳ ይህን ሁሉ የሰማው በስልክ ነው። ስደተኛ የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ሌሊት ስልክ ሲጠራ ከማንሣትህ በፊት ሆድህ ምን እንደሚል።

ሚስቱንና ልጆቹን ያገኛቸው የካቲት 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ። የዚያን ዕለት ፎቶግራፎች አሉ። የሪዮውን ፎቶ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ የማያሚውን እመርጣለሁ። ሪዮ ላይ የተመሳቀሉት እጆች እዚያ ልጅ ታቅፈዋል።

መሮጡን አልተወም። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ4 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሲገባም እጆቹን አመሳቀለ። በማራቶን ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም፤ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ አሥራ ሁለተኛ ነው የወጣው። ምክንያቱን እሱ ያውቃል። ማራቶን የሚሮጠው በእግር ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላት ሌላ ቦታ ውሎ እያደረ 42 ኪሎ ሜትር አይገፋም።

ሁለተኛው ጥሪ

የካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለቀቁ፤ በመጋቢት ዐቢይ አሕመድ ተተኩ። እስረኞች ተፈቱ፣ «አሸባሪ» የተባሉ ድርጅቶች ተመለሱ። የአገሪቱ የኦሊምፒክ ኮሚቴና የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለፈይሳ ጥሪ አቀረቡለት፤ ወደ አገሩ ቢመለስ የጀግና አቀባበል እንደሚያደርጉለት ገለጹ።

የጀግና አቀባበል። ቃሉ ያው ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከተባለው አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው የሚናገረው ሰው የሚፈራውና የሚሰማው ሰው የሚያምነው ነገር ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ፈይሳ ቃሉን አምኖ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው የትኛውን ታሪክ ይሆን ነበር? ይህን ጥያቄ መመለስ አልችልም፤ መመለስ አለመቻሌ ራሱ ግን ለምን እንዳልመጣ ይነግረኛል።

ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ፣ ከቤተሰቡ ጋር ቦሌ ገባ። ባለሥልጣናት ነበሩ፣ አበባ ነበር፣ ዘመድ ነበር፣ ከሩቅ የመጣ ሕዝብ ነበር። እጆቹን አመሳቅሎ የሚቀበለው ሰው ቁጥር የለውም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ተማሪ ይህን ምልክት ቢያሳይ ወዴት እንደሚወሰድ የሚያውቁ ፖሊሶች ዳር ዳሩን ቆመው መንገድ ያስከብራሉ። ፈይሳ ይህ ቀን እንደሚመጣ አውቅ ነበር፣ የፈሰሰው ደም ከንቱ እንደማይቀር አውቅ ነበር ሲል ተናግሯል። ከዚያ ወዲያ አገራችን ስላየችው ደም ሌላ ጽሑፍ ይጻፍ። ይህን ጉዳይ የምመዝነው ከዚያ በኋላ በሆነው አይደለም፤ ፈይሳ እጁን ሲያነሣ በፊቱ የነበረው ነሐሴ 2008 ብቻ ነውና።

በዚያ ሳምንት ሻይ ቤቷ ጋ ጎራ አልኩ። ባለቤቱ ያው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ተለውጦ ሰፋ ያለ ሆኗል። ዜናው የአቀባበሉን ምስል እየደጋገመ ያሳያል። ሽማግሌው የሉም፤ የት እንደሄዱ አልጠየቅሁም። «ያን ቀን ድምፁን የቀነስክበት ልጅ እኮ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ፤ ስኒ እያለቀለቀ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ታላቅ ወንድሜ ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከእኔ ቤት ወሬ እንዲወጣ አልፈለግሁም» አለኝ። ስኒውን ደረደረ፤ እጁን በፎጣ አደረቀ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀና ብሎ «ግን አሁንም ይሮጣል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ዕድሜው ገና 28 ነው» አልኩት።